መብራት ሄዶ ሲመጣ ራሱ የሚነሣ ሰርቨር፦ የሊኑክስ ሰርቨር አስተዳደርን ከዜሮ መጀመር

ጎጃም ውስጥ ሆኖ የሊኑክስ ሰርቨር (ሊኑክስ በሚባል ሲስተም የሚሠራና ለሌሎች መሣሪያዎች ፋይል የሚያቀርብ ኮምፒውተር) መማር የሚፈልግ ሰው ከመጀመሪያው አንድ ጥያቄ ይዞ ቢነሣ ይሻለዋል፦ መብራት በድንገት ሄዶ ሲመለስ ማሽኑ ሰው ሳይነካው ተነሥቶ ሥራውን ይቀጥላል ወይ? ለዚህ ጥያቄ «አዎ» ለማለት ባዮሱን (ማሽኑ ሲበራ ቀድሞ የሚሠራውን ፕሮግራም)፣ ዲስኩን፣ ኔትወርኩን፣ ሰርቪሶቹን (ከበስተጀርባ የሚሠሩትን ፕሮግራሞች)፣ ሎጉን (ማሽኑ የሆነውን ሁሉ የሚጽፍበትን መዝገብ) እና ባክአፑን (መጠባበቂያ ቅጂውን) ማወቅ ግድ ነው። የሰርቨር አስተዳደር መሠረትም ይኸው ነው። ትዕዛዝ ሸምድዶ ከመቀመጥ ይልቅ አንዲት አሮጌ ማሽን እዚህ ደረጃ ድረስ ማድረስ እጅግ የበለጠ ያስተምራል።

ለልምምድ የምንሠራው ሰርቨር የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የሚቀመጥ ነው፤ ቢቸናም ይሁን ዳንግላ፣ ሞጣም ይሁን ፍኖተ ሰላም። የመማሪያ መጻሕፍትንና ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን በዋይፋይ ለተማሪዎች ስልክ ያቀርባል። አንዴ ከተዘጋጀ በኋላ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ሥራው አይቆምም።

ትዕዛዞቹን የጻፍናቸው ሲነበቡ እንደሚሰሙት ነው። ስትተይቡ ግን በላቲን ትንንሽ ፊደላት ነው፤ «ኤልኤስ» ያልነው ሁለት ፊደል ብቻ ነው። ጭረት፣ እዝባር፣ ነጥብና ክፍት ቦታ እንዳሉ ይገባሉ። የትዕዛዙን መጀመሪያ ፊደላት ጽፋችሁ የ«ታብ» ቁልፍን ሁለት ጊዜ ብትመቱ ማሽኑ የቀረውን ያሳያችኋል፤ አጻጻፍ ለማረጋገጥ ከዚህ የቀለለ መንገድ የለም። የማንኛውንም ትዕዛዝ ማብራሪያ ለማንበብ «ማን» ብሎ ስሙን ማስከተል ነው፤ ለመውጣት «ኪው»ን መጫን።

ማሽኑን መምረጥ

64 ቢት ፕሮሰሰርና 2 ጊጋባይት ራም ያለው ማንኛውም ያገለገለ ኮምፒውተር ይበቃል። ከዚህ ያረጀ 32 ቢት ማሽን ግን አትያዙ፤ በነሐሴ 2025 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣው ዴቢያን 13 (የምንጭነው የሊኑክስ ዓይነት) ለ32 ቢት ኮምፒውተር መጫኛ የለውም።

ዴስክቶፕና ላፕቶፕ መካከል ምርጫ ካላችሁና የላፕቶፑ ባትሪ ግማሽ ሰዓት እንኳ ከያዘ ላፕቶፑን ውሰዱ። ባትሪው እንደ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) ያገለግላል፣ ኤሌክትሪክም ጥቂት ይበላል። ጉድለቱ ባትሪው ጨርሶ ካለቀ በኋላ መብራት ሲመጣ አብዛኛው ላፕቶፕ ራሱ አይነሣም፤ ረጅም መቋረጥ በሚበዛበት ቦታ ሰው መጥቶ መጫን አለበት። ክዳኑ ሲዘጋ እንዳይተኛም ዴቢያንን ከጫናችሁ በኋላ «/ኢቲሲ/ሲስተምዲ/ሎጊንድ.ኮንፍ» ውስጥ «ሃንድል ሊድ ስዊች» በሚለው መስመር ፊት ያለውን የ# ምልክት አንሥታችሁ ዋጋውን «ኢግኖር» አድርጉት። በዚህ ፋይል የመስመሩ ስም ተያይዞ የሚጻፍ ሲሆን የየቃሉ መጀመሪያ ፊደል ትልቅ ነው፤ እንዳለ ተዉት።

ዴስክቶፕ ከሆነ 650 ቪኤ የሆነ ዩፒኤስ ለአጭር መቆራረጥ ይበቃል። ሌዘር ፕሪንተር ከዚያው ዩፒኤስ ላይ አትሰኩ፤ ማተም ሲጀምር በአንድ ጊዜ ብዙ ኃይል ስለሚስብ ሰርቨሩን ይዞት ይጠፋል። በክረምት ነጎድጓድ ሲበረታ ደግሞ ከሶኬቱ ሌላ የኔትወርክ ገመዱንም ንቀሉ። መብረቅ በገመዱም ገብቶ የኔትወርክ ካርዱን ያቃጥላል፤ ብዙ ሰው የኃይል ገመዱን ብቻ ነቅሎ ጨረስኩ ይላል።

ዴቢያንን መጫን

ጀማሪ ኡቡንቱ ሰርቨርንም መያዝ ይችላል። እኛ ዴቢያንን የምንመርጠው ትልቁን የዲቪዲ ምስል አንድ ጊዜ ካወረዳችሁ መሠረታዊውን ሲስተም ያለ ኢንተርኔት መጫን ስለሚቻል ነው። ትንሹ የኔትወርክ መጫኛ ሲወርድ ቀላል ነው፤ ሲጫን ግን የቀረውን ከኢንተርኔት ይጎትታል፣ ግንኙነቱ መሐል ላይ ሲቋረጥም ጭነቱ ይቆማል። ትልቁን ምስል ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ጥሩ መስመር ያለበት ቦታ አውርዶ በ8 ጊጋባይት ፍላሽ ይዞ መሄድ ይሻላል።

ካወረዳችሁ በኋላ ፋይሉ ሳይበላሽ መድረሱን አረጋግጡ። ዊንዶውስ ላይ በትዕዛዝ መስኮቱ «ሰርትዩቲል -ሃሽፋይል»፣ ቀጥሎ የፋይሉን ስም፣ ቀጥሎ «ኤስኤችኤ256» ብላችሁ የሚወጣውን ረጅም ቁጥር የዴቢያን ገጽ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። አንዲት ፊደል ከተለየች እንደገና ማውረድ ነው። ይህን የዘለለ ሰው መጫኑ ግማሽ ላይ ሲቆምበት ጥፋቱን ዲስኩ ላይ ይፈልጋል። ወደ ፍላሽ ለመጻፍ «ሩፈስ» ይበቃል፤ ሁለት ዓይነት አጻጻፍ ካቀረበላችሁ «ዲዲ» የሚለውን ምረጡ።

መጫኛው የሚጠይቃችሁ አብዛኛው ነገር ግልጽ ነው። ጥንቃቄ የሚሻው የሚከተለው ነው።

ቋንቋው እንግሊዝኛ ይሁን፣ አገሩ ኢትዮጵያ። ያለ ግራፊክስ ያለው ጥቁር ስክሪን የግዕዝ ፊደል አያሳይም፤ አማርኛ ብትመርጡ መልእክቱ ሁሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይቀራል።

የ«ሩት» (በማሽኑ ላይ ሁሉን የሚችለው ተጠቃሚ) ፓስወርድ ሲጠይቃችሁ ባዶውን እለፉት። ባዶ ከሆነ መጫኛው ቀጥሎ የምትፈጥሩትን ተጠቃሚ ራሱ የ«ሱዶ» (ትዕዛዝን በሩት ሥልጣን የሚያስፈጽም) ባለመብት ያደርገዋል። ፓስወርድ ከሰጣችሁት ግን ተጠቃሚያችሁ ያ መብት አይኖረውም፣ የመጀመሪያውን «ሱዶ» ስትጽፉም ማሽኑ ይከለክላችኋል። ጀማሪን ከሚያስቆሙ ነገሮች ይህ የመጀመሪያው ነው።

የዲስክ ክፍፍል ላይ «ሙሉውን ዲስክ ተጠቀም» የሚለውን ያዙ፣ የፋይል ሲስተሙ «ኢኤክስቲ4» ይሁን። ኢኤክስቲ4 ሊያደርግ ያሰበውን ለውጥ አስቀድሞ በማስታወሻው ስለሚይዝ መብራት በድንገት ሲሄድ የዲስኩ አደረጃጀት አይፈርስም። በዚያች ቅጽበት እየተጻፈ የነበረ ፋይል ግን ሊጎድል ይችላል፤ ባክአፕን የሚተካ አይደለም።

በመጨረሻ የሶፍትዌር ዝርዝር ሲመጣ የዴስክቶፕና የ«ግኖም» ምልክቶችን አንሡ፤ «ኤስኤስኤች ሰርቨር»ን (ከሌላ ኮምፒውተር መግቢያውን) እና መደበኛ መሣሪያዎቹን ብቻ ተዉ። በቀስት መውረድ፣ በ«ስፔስ» ምልክት ማድረግና ማንሣት ነው። «ኢንተር»ን ከቸኮላችሁ ዴስክቶፑ እንዳለ ይጫናል፤ ራሙንም ይበላል።

ባዮሱ ውስጥ ሁለት ነገር

ማሽኑ ሲነሣ «ኤፍ2»፣ «ኤፍ10» ወይም «ዲሊት»ን በመጫን ወደ ባዮስ ግቡ። በኃይል አስተዳደር ክፍል ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ ማሽኑ ምን እንደሚያደርግ የሚወስን ቦታ አለ። ዴል ላይ «ኤሲ ሪከቨሪ»፣ ኤችፒና ሌኖቮ ላይ «አፍተር ፓወር ሎስ» ይባላል። ብዙ ጊዜ «ኦፍ» ሆኖ ይመጣል፤ «ፓወር ኦን» አድርጉት።

ሁለተኛው ኪቦርድ ሳይሰካበት መነሣቱ ነው። አንዳንድ ማሽን ኪቦርድ ሲያጣ «ኤፍ1ን ተጫኑ» ብሎ ቆሞ ይጠብቃል፤ የስሕተት ማስቆሚያውን ከባዮሱ አጥፉ። ኪቦርድ እያለም ይህንኑ የሚል ከሆነ ብዙ ጊዜ የማዘርቦርዱ ትንሽ ክብ ባትሪ አልቋል ማለት ነው። «ሲአር2032» የምትባል የ3 ቮልት ባትሪ ናት፤ ማሽኑን ከሶኬት ነቅላችሁ ቀይሯት። ባትሪዋ ስታልቅ የባዮስ ማስተካከያዎቹም አብረው ስለሚጠፉ ባትሪዋን ከለወጣችሁ በኋላ ያደረጋችሁትን ሁሉ ድገሙ።

ማሻሻያና መሐል ላይ የሚሄድ መብራት

ከኢንተርኔት ጋር እንደተገናኛችሁ፦

«ሱዶ አፕት አፕዴት»
«ሱዶ አፕት አፕግሬድ»

የመጀመሪያው ዝርዝሩን ብቻ ያድሳል፤ ፕሮግራሞቹን የሚያሻሽለው ሁለተኛው ነው። ከፍላሽ ስለጫናችሁ ማሽኑ ዲስክ አስገቡ እያለ ሊያስቸግር ይችላል። «ሱዶ ናኖ /ኢቲሲ/አፕት/ሶርስስ.ሊስት» ብላችሁ በ«ዴብ ሲዲሮም» የሚጀምረው መስመር ፊት # አድርጉ። ናኖ ፋይል መጻፊያ ነው፤ በእሱ ለማስቀመጥ «ኮንትሮል»ና «ኦ»፣ ለመውጣት «ኮንትሮል»ና «ኤክስ» ነው።

ማሻሻያው መሐል ላይ ሳለ መብራት ከሄደ አትደንግጡ፣ እንደገና ፎርማት ማድረግም አያስፈልግም። ማሽኑ ሲነሣ እነዚህን በቅደም ተከተል ስጡ፦

«ሱዶ ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ»
«ሱዶ አፕት --ፊክስ-ብሮክን ኢንስቶል»

የመጀመሪያው ተፈትተው ተከላቸው ያልተጠናቀቀ ጥቅሎችን ይጨርሳል፤ ሁለተኛው የጎደለውን አውርዶ ያሟላል። ከርቀት ገብታችሁ የምትሠሩ ከሆነ ረጅም ሥራን «ቲመክስ» በሚባለው ፕሮግራም ውስጥ ጀምሩት። ዋይፋያችሁ ቢቋረጥ ሥራው ሰርቨሩ ላይ ይቀጥላል፤ ስትመለሱ «ቲመክስ አታች» ብላችሁ ካቆማችሁበት ታገኙታላችሁ።

ሰዓት

«ታይምዴትሲቲኤል» ብላችሁ ተመልከቱ። የሰዓት ቀጠናው «አፍሪካ/አዲስ_አበባ»፣ ልዩነቱ +3 መሆን አለበት፤ ከኢንተርኔት ጋር መናበቡንም «የስ» ወይም «ኖ» ብሎ ይነግራችኋል። ሰዓቱ ወደ ኋላ ከቀረ «አፕት» የጥቅል ዝርዝሩን «ጊዜው ገና አልደረሰም» ብሎ ይመልሰዋል፤ «ኤችቲቲፒኤስ» ገጾችም የምስክር ወረቀት ስሕተት ያወጣሉ። ኢንተርኔቱ ተበላሸ ብላችሁ ከመድከማችሁ በፊት «ዴት» ብላችሁ ቀኑን እዩ።

ለእኛ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለ። ሰርቨሩ ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ይጀምራል፣ እኛ ከንጋት፤ ልዩነቱ 6 ሰዓት ነው። ሎጉ ላይ 14:20 ያለው ከቀኑ 8 ሰዓት ከ20 ነው፤ 03:00 ያለው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ሥራን በ«ክሮንታብ» (በተወሰነ ሰዓት የሚሠሩ ትዕዛዞች ዝርዝር) ስትቀጥሩ «ሌሊት 8 ሰዓት» ብላችሁ አስባችሁ 8 ከጻፋችሁ ሥራው ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ተማሪው ሁሉ ሲገባ ይጀምራል። መጻፍ የነበረባችሁ 2 ነው። ቀኑም በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሆነ የብልሽት ማስታወሻ ስትይዙ ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን ጻፉ።

ቋሚ አድራሻ

ራውተሩ መብራት በመጣ ቁጥር ለሰርቨሩ ሌላ አድራሻ ከሰጠው ተማሪዎቹ አያገኙትም። «አይፒ ኤ» በሉና የኔትወርክ ካርዱን ስም ያዙ፤ «ኢኤንፒ3ኤስ0» የመሰለ ነገር ነው። «አይፒ አር» ደግሞ የራውተሩን አድራሻ ያሳያችኋል፤ 192.168.1.1 ነው እንበል። ከዚያ «ሱዶ ናኖ /ኢቲሲ/ኔትወርክ/ኢንተርፌስስ» ከፍታችሁ በካርዱ ስም መስመር ላይ «ዲኤችሲፒ» (አድራሻ ከራውተሩ መቀበል) የሚለውን በ«ስታቲክ» (ቋሚ) ተኩ፤ ከሥሩም፦

«አድሬስ 192.168.1.10/24»
«ጌትዌይ 192.168.1.1»

የመረጣችሁት ቁጥር ራውተሩ ለስልኮች ከሚያድለው ክልል ውጭ መሆን አለበት። ራውተሩ ከ100 እስከ 200 የሚያድል ከሆነ 10 ደኅና ነው፤ በክልሉ ውስጥ ከሆነ ግን አንድ ቀን ያው ቁጥር ለአንድ ስልክ ይሰጥና ሰርቨሩ አንዴ ይገኛል አንዴ ይጠፋል። ምክንያቱን ለመፈለግ እንደዚህ አድካሚ ብልሽት ጥቂት ነው።

ማሽኑን «ሱዶ ሪቡት» ብላችሁ አስነሡና በሦስት ደረጃ ፈትኑ፤ «ፒንግ» ለአንድ አድራሻ መልእክት ልኮ መልስ የሚጠብቅ ትዕዛዝ ነው። «ፒንግ 192.168.1.1» ካልመለሰ ችግሩ ገመዱ ወይም ያስተካከላችሁት ፋይል ነው። እሱ መልሶ «ፒንግ 8.8.8.8» ካልመለሰ ችግሩ ከራውተሩ ወዲያ ነው፤ ፓኬጁ አልቆ እንደሆነ እዩ። ቁጥሩ መልሶ የድረ ገጽ ስም ካልመለሰ «/ኢቲሲ/ሪዞልቭ.ኮንፍ» ውስጥ ያለው የስም አገልጋይ አድራሻ ጠፍቷል ወይም ተሳስቷል። ፒንግን ለማቆም «ኮንትሮል»ና «ሲ» ነው።

ከርቀት መግባት

ከዚህ በኋላ ሞኒተሩን ነቅላችሁ ከራሳችሁ ኮምፒውተር ሥሩ። ዊንዶውስ 10ና 11 «ኤስኤስኤች» አብሯቸው አለ፤ አንድሮይድ ስልክ ላይ «ተርመክስ» ይበቃል። ትዕዛዙ «ኤስኤስኤች» ብሎ የተጠቃሚ ስማችሁን፣ የ@ ምልክትና 192.168.1.10ን ማስከተል ነው። ፓስወርድ ስትጽፉ ስክሪኑ ላይ ምንም አይታይም፤ እየገባ ነው፣ ቀጥሉ።

ከፓስወርድ ይልቅ ቁልፍ አስተማማኝ ነው። በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ «ኤስኤስኤች-ኪጅን -ቲ ኢዲ25519» ብላችሁ ጥንድ ቁልፍ ፍጠሩ፤ አንዱ ከእናንተ ዘንድ የሚቀር ምስጢር፣ ሌላው ለሰርቨሩ የሚሰጥ የአደባባይ ቁልፍ ነው። ሊኑክስ ወይም ተርመክስ ላይ «ኤስኤስኤች-ኮፒ-አይዲ» የአደባባዩን ቁልፍ ወደ ሰርቨሩ ያደርስላችኋል። ዊንዶውስ ላይ ይህ ትዕዛዝ ስለሌለ በ«.ፐብ» የሚያልቀውን ፋይል ይዘት ቀድታችሁ ሰርቨሩ ላይ ባለው የ«ኦቶራይዝድ_ኪስ» ፋይል ውስጥ በአንድ መስመር ለጥፉት። ለ«.ኤስኤስኤች» ፎልደሩ 700፣ ለፋይሉ 600 ፈቃድ ስጡ፤ ሌላ ሰው ሊጽፍባቸው የሚችል ከሆነ ሰርቨሩ ቁልፉን አይቀበልም፤ ምክንያቱንም ለገቢው ሰው አይነግረውም፣ ሎጉ ላይ ብቻ ይጽፈዋል።

በቁልፍ መግባታችሁን ካረጋገጣችሁ በኋላ «/ኢቲሲ/ኤስኤስኤች/ኤስኤስኤችዲ_ኮንፊግ» ውስጥ በፓስወርድ መግባትን «ኖ» አድርጉ። ከዚያ «ሱዶ ኤስኤስኤችዲ -ቲ»፤ ምንም ካልመለሰ ፋይሉ ደኅና ነው። «ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ሪስታርት ኤስኤስኤች» በሉ፣ ግን የከፈታችሁትን መስኮት አትዝጉ። ሌላ አዲስ መስኮት ከፍታችሁ መግባት መቻላችሁን እዩ። ካልቻላችሁ በአሮጌው መስኮት ታስተካክላላችሁ፤ እሱን ከዘጋችሁ ሞኒተርና ኪቦርድ ተሸክሞ መመለስ ነው።

«ዩኤፍደብሊው» የተባለውን ፋየርዎል (ያልተፈቀደ ግንኙነትን የሚከለክል) ስትጭኑም ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው፦ «ሱዶ ዩኤፍደብሊው አላው 22/ቲሲፒ»፣ «ሱዶ ዩኤፍደብሊው አላው 80/ቲሲፒ»፣ በመጨረሻ «ሱዶ ዩኤፍደብሊው ኢኔብል»። መጨረሻውን መጀመሪያ ያደረገ ራሱን ውጭ ይቆልፋል።

መጻሕፍቱን ማቅረብና የፋይል ፈቃድ

«ሱዶ አፕት ኢንስቶል ኤንጂንኤክስ» በሉ፤ ኤንጂንኤክስ ፋይሎችን እንደ ድረ ገጽ የሚያቀርብ ፕሮግራም ነው። መጻሕፍቱን «/ኤስአርቪ/ቡክስ» በሚባል ፎልደር አኑሩ፤ የራሳችሁ ቤት ማለትም «/ሆም» ሥር አታኑሯቸው። ዴቢያን የተጠቃሚን ቤት ለሌላ ሰው ዝግ አድርጎ ነው የሚፈጥረው። ድር አቅራቢው ደግሞ «ደብሊውደብሊውደብሊው-ዳታ» በሚባል ሌላ ተጠቃሚ ስም ስለሚሠራ መግባት አይችልም፣ ተማሪውም «403» የሚል ገጽ ያያል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው «ሲኤችሞድ 777» ብሎ ይገላገላል። አታድርጉት፤ ማንም ፕሮግራም፣ የተጠለፈም ጭምር፣ ፋይሉን እንዲጽፍበትና እንዲያጠፋው በር መክፈት ነው። ቁጥሩን መረዳት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ማስኬድ 1 ነው፤ ፎልደር ላይ «ማስኬድ» ማለት ወደ ውስጥ ማለፍ ነው። የመጀመሪያው አኃዝ ለባለቤቱ፣ ሁለተኛው ለቡድኑ፣ ሦስተኛው ለሌላው ሁሉ ነው። ስለዚህ 644 ማለት ባለቤቱ ያነባል ይጽፋል (4+2)፣ ሌላው ያነባል ብቻ። ለመጽሐፍ ፋይል 644፣ ለፎልደር 755 ይበቃል። አሁን ማን ምን መብት እንዳለው «ኤልኤስ -ኤል» ያሳያችኋል።

ቀጥሎ «/ኢቲሲ/ኤንጂንኤክስ/ሳይትስ-አቬይለብል/ዲፎልት» ውስጥ «ሩት» በሚለው መስመር የፎልደሩን መንገድ ተኩ፤ «ሎኬሽን /» በሚለው ቅንፍ ውስጥ እነዚህን ጨምሩ፦

«ኦቶኢንዴክስ ኦን;»
«ቻርሴት ዩቲኤፍ-8;»

መጀመሪያው የፋይሎቹን ዝርዝር ገጽ አድርጎ ያወጣል። ሁለተኛው ከሌለ በአማርኛ የተሰየሙ ፋይሎች ስማቸው የማይነበብ ምልክት ሆኖ ሊታይ ይችላል። የአማርኛ ስም ስታወጡም አትርዘሙ። ኢኤክስቲ4 ለአንድ ስም 255 ባይት ይፈቅዳል፣ አንድ የግዕዝ ፊደል ደግሞ 3 ባይት ይይዛል፤ ስለዚህ 85 ፊደል ላይ ያበቃል፣ ከዚያ የረዘመውን ፋይል መቅዳት እምቢ ይላል። መስመሮቹ መጨረሻ ላይ ያለችው «;» ምልክት ከተረሳች ሰርቪሱ አይነሣም፤ «ሱዶ ኤንጂንኤክስ -ቲ» የተሳሳተውን መስመር ቁጥር ይነግራችኋል። ደኅና ካለ «ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ሪሎድ ኤንጂንኤክስ»።

ከስልክ በዋይፋይ ገብታችሁ 192.168.1.10ን ክፈቱ። አልከፍት ካለ የስልኩን ሞባይል ዳታ አጥፉ። ዋይፋዩ ኢንተርኔት ከሌለው አንድሮይድ ጥያቄውን በሞባይል ዳታ በኩል ሊልከው ስለሚችል ሰርቨሩ ደኅና ሆኖ ሳለ የጠፋ ይመስላል። ይህንን ተማሪዎቹ እንዲያውቁት ግድግዳ ላይ ብትለጥፉ ብዙ ጥሪ ትድናላችሁ።

ማስጀመርና ማስመዝገብ

«ሲስተምሲቲኤል ስታርት» ሰርቪሱን አሁን ያስነሣዋል፤ ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሣ ግን አይመለከተውም። «ሲስተምሲቲኤል ኢኔብል» ደግሞ ማሽኑ በተነሣ ቁጥር እንዲጀምር ያስመዘግበዋል፤ አሁን ግን አያስነሣውም። ሁለቱን በአንድ ላይ ለማድረግ «ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ኢኔብል --ናው» ብሎ የሰርቪሱን ስም ማስከተል ነው። «ሲስተምሲቲኤል ስታተስ ኤንጂንኤክስ» ስትሉ አንዱ መስመር «ኢኔብልድ»፣ ሌላው «አክቲቭ» ማለት አለበት። «አክቲቭ» ሆኖ «ዲሴብልድ» ከሆነ ዛሬ ይሠራል፣ መብራት ሄዶ በመጣ ዕለት ይጠፋል። ዴቢያን እንደ ኤንጂንኤክስ ያሉትን ሲጭን ሁለቱንም ያደርግላችኋል፤ ራሳችሁ የጻፋችሁት ወይም ከውጭ ያመጣችሁት ፕሮግራም ነው የሚያጠምዳችሁ።

ባክአፕ

በዩኤስቢ የሚሰካ ዲስክ አምጥታችሁ በኢኤክስቲ4 ፎርማት አድርጉ። የትኛው የትኛው እንደሆነ «ኤልኤስቢኤልኬ» ያሳያል፤ መጠኑን ሁለት ጊዜ ሳታዩ ፎርማት እንዳታደርጉ። «ሱዶ ቢኤልኬአይዲ» የዲስኩን መለያ «ዩዩአይዲ» ያወጣል። «ሱዶ ኤምኬዲር /ኤምኤንቲ/ባክአፕ» ብላችሁ ማያያዣ ፎልደር ፍጠሩና «/ኢቲሲ/ኤፍኤስታብ» (ማሽኑ ሲነሣ የሚያያይዛቸው ዲስኮች ዝርዝር) መጨረሻ ላይ አንድ መስመር ጨምሩ፦ መለያው፣ ማያያዣው «/ኤምኤንቲ/ባክአፕ»፣ ዓይነቱ «ኢኤክስቲ4»፣ አማራጩ «ዲፎልትስ,ኖፌይል»፣ ቀጥሎ 0 እና 2።

«ኖፌይል» የምትለዋን ቃል አትርሱ። እሷ ከሌለች ዲስኩ ሳይሰካ ማሽኑ ሲነሣ 90 ሴኮንድ ይጠብቅና ወደ ድንገተኛ ሁኔታ ይገባል። የሩት ፓስወርድ ባዶ ስላለፋችሁት ደግሞ ያ ሁኔታም «ሩት ተቆልፏል» ብሎ አያስገባችሁም። መውጫው መጫኛውን ፍላሽ ሰክቶ በማዳኛው ምርጫ መነሣትና መስመሩን ማረም ነው። ፋይሉን በነካችሁ ቁጥር ሪስታርት ከማድረጋችሁ በፊት «ሱዶ ፋይንድኤምኤንቲ --ቬሪፋይ» ብላችሁ አስመርምሩት፤ ከዚያ «ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ዴመን-ሪሎድ» እና «ሱዶ ማውንት -ኤ»።

አሁን «ሱዶ አፕት ኢንስቶል አርሲንክ አናክሮን» በሉ፤ አርሲንክ ፋይሎቹን የሚቀዳው ነው። አናክሮንን የምንፈልገው ሌሊት መብራት ጠፍቶ ያለፈን የዕለት ሥራ ማሽኑ ሲነሣ ስለሚሠራው ነው፤ ተራው ክሮን ግን ያለፈ ሰዓትን አይመልስም። «/ኢቲሲ/ክሮን.ዴይሊ/ባክአፕ» የሚል ፋይል ፍጠሩና እነዚህን ሦስት መስመሮች ጻፉበት፦

«#!/ቢን/ኤስኤች»
«ማውንትፖይንት -ኪው /ኤምኤንቲ/ባክአፕ || ኤግዚት 1»
«አርሲንክ -ኤ --ዲሊት /ኢቲሲ /ኤስአርቪ /ኤምኤንቲ/ባክአፕ/»

በ«ሱዶ ሲኤችሞድ 755» የማስኬድ ፈቃድ ስጡት። በፋይሉ ስም ላይ «.ኤስኤች» ወይም ሌላ ነጥብ ያለው ቅጥያ አትጨምሩ፤ በዚህ ፎልደር ነጥብ ያለበት ስም ሳይነገራችሁ ይዘለላል። ሁለተኛው መስመር ዲስኩ ካልተያያዘ ሥራውን ያቆመዋል፤ እሱ ከሌለ ቅጂው ዋናው ዲስክ ላይ ተከምሮ ይሞላዋል። «--ዲሊት» ደግሞ ከምንጩ የጠፋውን ከቅጂውም ያጠፋል፤ አንድ ሰው መጽሐፍ በስሕተት ቢሰርዝ በነጋታው ቅጂውም የለም። ስለዚህ ሁለተኛ ዲስክ ካላችሁ በየሳምንቱ እያፈራረቃችሁ ስኩ፤ ከሌላችሁ «--ዲሊት»ን ተዉት፣ ቦታ ይፈጃል እንጂ አይጎዳም።

ሶኬቱን መንቀል

ባክአፑ መሠራቱን ካያችሁ በኋላ ዴስክቶፑን እየሠራ ሳለ ከሶኬት ንቀሉት፤ ዩፒኤስ ካለ ከዩፒኤሱ ኋላ ያለውን ገመድ። ግማሽ ደቂቃ ጠብቃችሁ መልሱት፣ እጃችሁንም ሰብስቡ። ከሦስት ደቂቃ በኋላ ከስልክ ክፈቱ።

ማሽኑ ጭራሽ ካልተነሣ የባዮሱ የኃይል ማስተካከያ ነው። ተነሥቶ ጥቁር ስክሪን ላይ ከቆመ ሞኒተር ሰክታችሁ «ኤፍ1» እያለ መሆን አለመሆኑን እዩ፤ የዲስክ ስም እየጠራ የሚጠብቅ ከሆነ ኤፍኤስታብ ነው። ፒንግ መልሶ ገጹ ካልተከፈተ ሰርቪሱ አልተመዘገበም፤ «ሲስተምሲቲኤል --ፌይልድ» የወደቁትን ይዘረዝራል።

ሲሠራም ሎጉን አንብቡ። «ሱዶ ጆርናልሲቲኤል -ቢ -1 -ኢ» ያለፈውን ዙር (ማሽኑ ባለፈው ተነሥቶ እስኪጠፋ ያለውን) መጨረሻ ያሳያል። በሥርዓት የጠፋ ማሽን ሰርቪሶቹን አንድ በአንድ እያቆመ መዝግቦ ነው የሚጨርሰው፤ መብራት የሄደበት ግን ከተራ መስመር መሐል ድንገት ይቆማል። መጨረሻው መስመር ላይ ያለውን ሰዓት ብታዩ መብራት የሄደው በስንት ሰዓት ገደማ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ይህን መለየት የቻለ ሰው «ሰርቨሩ ለምን ጠፋ» ሲባል ገምቶ አይመልስም። አሁን ባለው ዙር ደግሞ «ሱዶ ጆርናልሲቲኤል -ቢ -ፒ ኢአርአር» ስሕተቶችን ብቻ ያወጣል፤ የዲስክ ማንበብ ስሕተት ከተደጋገመ «ሱዶ ስማርትሲቲኤል -ኤ» ብሎ የዲስኩን መንገድ ማስከተል ነው፤ መሣሪያው «ስማርትሞንቱልስ» በሚባል ጥቅል ይገኛል። በመጠባበቅ ላይ ያሉ ሴክተሮች (ለማንበብ ያስቸገሩ የዲስክ ክፍሎች) ቁጥር ከዜሮ በላይ ከሆነና እየጨመረ ከሄደ ዲስኩን ቀይሩት።

በየወሩ ሁለት ነገር አድርጉ። «ዲኤፍ -ኤች» ብላችሁ ዋናው ዲስክ ከ90 በመቶ በላይ አለመሙላቱን እዩ፤ ሙሉ ዲስክ ላይ ሎግም አይጻፍም፣ ማሻሻያም አይጫንም። ሎጉ ከከበደ «ሱዶ ጆርናልሲቲኤል --ቫኩም-ሳይዝ=200ኤም» ያቀለዋል፤ እዚህ ላይ የመጨረሻዋ «ኤም» ትልቋ ፊደል ናት። ከዚያ ከባክአፑ አንድ መጽሐፍ መርጣችሁ ወደ «/ቲኤምፒ» ቅዱና በስልክ ወይም በኮምፒውተር ከፍታችሁ ገጾቹን ገልብጡ፤ ካልተከፈተ ያን ዕለት ባክአፑን ከመሠረቱ እንደገና ሥሩት።